የቤቶች ዘላቂነት ከጥገና ሒሳብ ይጀምራል

ባሌ ውስጥ ደሎ መና ላይ ቤት የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ የሚያሰላው የሲሚንቶና የእንጨት ዋጋ ነው። ከሙገር አካባቢ ፋብሪካዎች የተጫነ ሲሚንቶ መጀመሪያ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ ደግሞ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከዚያ በጎባ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የሳነቴ አምባ ይወጣና የሐረናን ደን አቋርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል። እያንዳንዱ ኩንታል የዚህን ሁሉ መንገድ ነዳጅ ተሸክሞ ነው የሚደርሰው። እንጨቱ ግን እዚያው ነው። ገበያው ብቻውን ቢወስን ኖሮ ቤት ሠሪው ሁሉ መጥረቢያውን ይዞ ወደ ደኑ በገባ ነበር።

የደኑ እውነተኛ ዋጋ በእንጨት ነጋዴው ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ሐረና በተፈጥሮ የሚበቅል የጫካ ቡና የሚለቀምበት ነው፤ ወደ ቆላው የሚወርዱ ወንዞችም ውኃቸውን የሚያገኙት ከባሌ ተራሮች ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ደሎ መናዎች ደኑን ከእርሻና ከመጥረቢያ ለመጠበቅ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ከኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ጋር በጋራ ማስተዳደር ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። የተራድኦ ድርጅቶቹ ፋርም አፍሪካና ኤስ ኦ ኤስ ሳህል ኢትዮጵያም በሥራው አግዘዋል። አጀማመራቸውን ልብ ማለት ይገባል። መጀመሪያ ወሰኑን በእግር ዞረው አካለሉ፤ ቀጥሎ በውስጡ ያለውን ቆጠሩ። ከዚያ ማን ምን ያህል እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጠብቅ ከመንግሥት ጋር ተፈራረሙ። ስለ ትርፍ የተነጋገሩት ከዚህ በኋላ ነው።

ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ቤት የሚያቀርቡ ተቋሞቻችን በዚህ ቅደም ተከተል አልሄዱም። ስለ ዘላቂ ልማት ሲነሳ ወሬው በአብዛኛው ስለ ፀሐይ ኃይልና ስለ ችግኝ ይሆናል። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ጣራው የሚያፈስ ቤት ላይ የፀሐይ ፓኔል መስቀል ገንዘብ ማባከን ነው።

የቀበሌ ቤቶችን እንይ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፤ አነስተኛ ኪራይ የነበራቸው ቤቶች ኪራይም ተቀነሰ። ቅነሳው ለብዙ ድሃ ቤተሰብ እፎይታ ነበር፤ እኔም አልነቅፈውም። ጥፋቱ ያለው ከዚያ በኋላ በመጡት አሥርት ዓመታት ነው። ዋጋ ሲንር ኪራዩ ባለበት ቆመ፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብም ከሌላ ቦታ አልተመደበም። በወር 30 ብር የሚከፈልበትን አንድ ቤት ለምሳሌ እንውሰድ። የዓመቱ ገቢ 360 ብር ነው፤ ዛሬ አንድ ቆርቆሮ አይገዛም። እንዲህ ያለ አስተዳደር ቤቱን እያከራየ ሳይሆን በየዓመቱ ቤቱን ራሱን እየበላ ነው። የዓመት ሪፖርቱ ግን ይህን እንደ ኪሳራ አይመዘግበውም።

ኮንዶሚኒየሙም ከዚህ የጥገና ችግር አላመለጠም። በ1996 ዓ.ም. ቦሌ ገርጂ ላይ በጀርመኑ ጂ ቲ ዜድ እገዛ የተጀመረው ሙከራ ወደ ትልቅ ፕሮግራም አደገና የክልል ከተሞችም ደረሰው። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ግን በክልሎች ቆመ፤ አንዱ ምክንያት የነዋሪው አቅምና ፍላጎት ከሕንፃው ዋጋ ጋር አለመገናኘቱ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር የጋራ የሆነውን እንዲያስተዳድርና ለጋራ ወጪ መዋጮ እንዲሰበስብ ተደንግጓል። በተግባር ብዙ ማኅበራት የሚሰበስቡት ለጥበቃና ለጽዳት የሚበቃውን ብቻ ነው። የጣራው፣ የፍሳሽ መስመሩና የደረጃው ተራ ሲመጣ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል።

ዴንማርኮች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ሊጠና ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 የማኅበራዊ ቤቶች ብሔራዊ ፈንድ አቋቋሙ። የግንባታው ብድር ተከፍሎ ሲያልቅም ተከራዩ መክፈሉን ይቀጥላል፤ ገንዘቡ ያረጁ ሕንፃዎችን ለማደስ ይውላል። ቀድሞ የተሠራው ቤት ለቀጣዩ ትውልድ ቤት ገንዘብ ያፈራል። እኛ ብድሩ የሚያልቅበትን ቀን የወጪ ሁሉ ማብቂያ አድርገን ነው የምናየው።

ወደ ደሎ መና ስንመለስ፣ በወረዳ ከተማ የተመደበ መምህር ወይም ነርስ የቤት ባለቤት ለመሆን ያለው ዋና አማራጭ የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አባላቱ ገንዘባቸውን በዝግ ሒሳብ አስቀምጠው ቦታ ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለ ማኅበር ሥራውን ሲጀምር እንጨቱ ከአባላትና ከአካባቢው ገበሬ ባሕር ዛፍ እንዲሆን ወስኖ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ሊያስገባው ይገባል። ሲሚንቶውን ለመሠረትና ለወለል ቆጥቦ፣ ግድግዳውን በጭቃና በጭድ ማቆም አያሳፍርም። የጭቃ ቤት ጠላቱ ውኃና ምስጥ ነው። ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ ወጣ ያለ የጣራ ክፈፍ፣ አሸንዳና የጎርፍ መውረጃ ካለው ዕድሜው ይረዝማል። በዚያ ቆላ ኮርኒስም ቅንጦት አይደለም፤ ከባዶ ቆርቆሮ ሥር ልጅ ማሳደር ከባድ ነው። ለብርዳማዎቹ ሮቤና ጎባ የተነደፈውን ቤት እንዳለ ወደዚያ ማውረድም አይገባም።

ቀበሌና ወረዳው በእጃቸው ያሉትን ቤቶች ጣራ፣ ግድግዳ፣ ሽንት ቤት እያሉ ይመዝግቡ። ለዚህ ደብተርና ሁለት ጠንቃቃ ሠራተኞች ይበቃሉ። የጥገና መዋጮ ከኪራይ ተለይቶ በሌላ ሒሳብ ይቀመጥ። መክፈል የማይችሉ አረጋውያንን ድርሻ ወረዳው ይሸፍን፤ ጉልበት ያለው ተከራይ በምርጊት ሥራ ያካክስ። ለአዲሶቹ ማኅበራት ደግሞ ዝግ ሒሳቡ ግንባታው ሲያልቅ ሙሉ በሙሉ ባይለቀቅ እመርጣለሁ። ከፊሉ በማኅበሩ ስም ለጥገና ይቆይ። ይህን በመመሪያ መደንገግ የክልሉ ሥልጣን ነው፤ ቀጣዮቹ ማኅበራት ቦታ ከመረከባቸው በፊትም ሊወጣ ይችላል።