በጨለማ የሚያየው ዓይናችንና ዳፍንት

ቀን ቀን ከእኩዮቹ ጋር ሲሯሯጥ የዋለ ሕጻን መግሪብ ሲደርስ ግድግዳ እየዳበሰ የሚሄደው ለምንድን ነው? በየቤታችን «ዳፍንት» የምንለው ይህ ችግር ከየት ይመጣል? መልሱን ለማግኘት አስቀድመን ጤነኛ ዓይን በጨለማ እንዴት እንደሚያይ እንወቅ።

የጥንት ሰዎች ብዙዎቹ ዓይን ራሱ ጨረር እየላከ እንደሚያይ ያስቡ ነበር። በ965 በበስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም ግን ብርሃን ከሚታየው ነገር ወደ ዓይን እንደሚመጣ በሰፊው አስረዳ። ብርሃኑ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን የታወቀው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው።

በዓይናችን የኋለኛ ክፍል ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። በዚያ ላይ ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ይገኛሉ። ሾጣጣዎቹ ወደ 6 ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ በቀን ብርሃን ይሠራሉ፣ ቀለምም ይለያሉ። ሌሎቹ ዘንግ የሚመስሉ ሲሆኑ ቁጥራቸው ወደ 100 ሚሊዮን ይጠጋል። እነዚህ ቀለም አይለዩም፤ በጨለማ ጓዳ ውስጥ ቀዩ ሻርፕ ከአረንጓዴው የማይለየን ለዚህ ነው። ነገር ግን እጅግ ደካማ ብርሃን እንኳ አያመልጣቸውም። በ1942 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከ5 እስከ 14 የሚሆኑ የብርሃን ቅንጣቶች ብቻ በዘንግ መሳይ ሕዋሳቱ ሲያዙ ሰው ብልጭታውን ማየት እንደሚችል አሳይቷል።

ይህን ያህል ኢምንት ነገር እንዴት አንጎል ዘንድ ይደርሳል? ከአዳማ በስተደቡብ ባለው የወንጂ ሸንኮራ እርሻ የመስኖ ውኃ እንዴት እንደሚለቀቅና እንደሚዘጋ ያያችሁ ነገሩ በቀላሉ ይገባችኋል። ዘንግ መሳዩ ሕዋስ በጨለማ ጊዜ በሮቹ ክፍት ናቸው፤ በእነርሱም በኩል የጨው ቅንጣቶች ወደ ውስጥ ይፈስሳሉ። በሮቹን ከፍቶ የሚይዘው ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚባል ኬሚካል ነው። በሕዋሱ ውስጥ ደግሞ ሮዶፕሲን የሚባል ብርሃን ጠባቂ አለ። አንዲት የብርሃን ቅንጣት አንዱን ሮዶፕሲን ስትነካው ይነቃል። እርሱም ትራንስዱሲን የሚባሉ መልእክተኞችን በአስር በአስር ይቀሰቅሳል። መልእክተኞቹ በየፊናቸው አንድ ኢንዛይም ያስነሳሉ፤ ኢንዛይሙም ሳይክሊክ ጂኤምፒውን በብዛትና በፍጥነት ይሰባብረዋል። የሚደግፋቸው ሲጠፋ በመቶዎች የሚቆጠሩ በሮች ይዘጋሉ፤ የጨው ፍሰቱም ይቀንሳል። በዚህ የተነሳ የሕዋሱ ኤሌክትሪክ ይለወጥና ወሬው ወደ አንጎል ጉዞ ይጀምራል። አንዲት ቅንጣት ያመጣችው ጉዳይ በየደረጃው እየተባዛ ሄደ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ሱብሓነላህ!

አሁን ወደ ዳፍንት እንመለስ። ሮዶፕሲን የሚሠራው ከፕሮቲንና ከቫይታሚን ኤ ነው። ቫይታሚን ኤ በሬቲና ውስጥ መኖሩን ያገኘው ጆርጅ ዋልድ ለዓይን ምርምሩ በ1967 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። በሰውነታችን ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ሮዶፕሲን አይሟላም። ጠባቂ ከሌለ ደግሞ የሚባዛ መልእክት አይኖርም። ስለዚህ ዳፍንት የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። ችላ ከተባለ ዓይን ይደርቃል፤ በዓይኑ ነጭ ላይ አረፋ የመሰለ ነጠብጣብ ይወጣል፤ በመጨረሻም ብሌኑ ቆስሎ ሕጻኑ ለዘለቄታው ሊታወር ይችላል። ሕጻኑ ለበሽታ ያለው መከላከያም ይዳከማል፤ በተለይ ኩፍኝ ሲጨመርበት ለሞት ያሰጋል።

እናቶችና አባቶች፣ ታዲያ ምን እናድርግ? አራስ ልጅ እንገሩ አይጣልበት፤ በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ነውና። ጡት ለሚጠባው ልጅ የእናትየው ምግብ ወሳኝ ነው። ከመቂና ከባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም በየመኪናው ይጫናል፤ ነገር ግን ሽንኩርት ለዚህ ጉዳይ አይረዳም፤ ነጭ በቆሎም እንዲሁ። የሚረዱት ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ናቸው። ጎመኑና ካሮቱ በጥቂት ዘይት ሲበስሉ ቫይታሚኑ ለሰውነት ይስማማል። እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤና ጉበትም አሉ። በዐረፋ የኡድሒያው ጉበት ሲጠበስ ሕጻናቱ አይረሱ። ነፍሰ ጡር እናት ግን ጉበት አታብዛ፤ ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ኤ ጽንሱን ይጎዳል።

በሀገራችን ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ሕጻናት በየስድስት ወሩ የቫይታሚን ኤ እንክብል ይሰጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስትመጣ ልጃችንን አንደብቅ፤ ቀኑንም በካርዱ እናስመዝግብ። ልጁ ማታ ማታ የሚደናበር ከሆነ ግን የእንክብሉን ተራ ሳንጠብቅ በማግስቱ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። በጊዜ የተደረሰበት ዳፍንት በሕክምናው በጥቂት ቀናት ይለቃል። በቤተሰብ የሚወረስ፣ በቫይታሚን የማይድን ዓይነትም ስላለ ለይቶ የሚናገረው ሐኪም ነው።

ለአሽከርካሪዎችም አንድ ቃል አለን። ኃይለኛ መብራት ሮዶፕሲኑን ያጠፋዋል፤ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ እስከ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ከጅቡቲ በአዳማና በሞጆ በኩል የሚያልፈው ከባድ መኪና ረጅም መብራቱን ሲለቅበት የባጃጅ ሾፌሩ ለተወሰነ ጊዜ እንደ ዳፍንታም ይሆናል። መብራት ዝቅ ማድረግ የሰው ሕይወት ማዳን ነው። የበራበትም ሰው መብራቱን ትክ ብሎ አይመልከት፤ ፍጥነቱን ቀንሶ የመንገዱን ቀኝ ዳር ይከተል።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ዛሬ መግሪብ ላይ ልጆቻችሁ ከደጅ ሲገቡ አረማመዳቸውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አላህ የሰጠን የዓይን ጸጋ አማና ነው፤ የሕጻናቱን አማና የተሸከምነው ደግሞ እኛ ነን።