ከሰማይ ሆነው ባሕርን ስለሚጠብቁ አይሮፕላን ነጂዎች

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሐሙሲት ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ትገኛለች። በዚያ አገር ያደገ ተማሪ ከደንገል የተሠራ ታንኳ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። በታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከውሃው አንድ ሜትር ያህል ከፍ ቢል፤ አየሩም ምንም ያህል የጠራ ቢሆን፤ የውሃውን ወለል የሚያየው እስከ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ውሃ የሚሰወርበት በዓይኑ ድካም አይደለም፤ ምድር ድቡልቡል ስለ ሆነች ውሃውም ከምድር ጋር እየጎበጠ ስለሚወርድ ነው።

ተመልካቹ ከፍ ባለ መጠን ግን የሚያየው ስፍራ ይሰፋል። በ10 ሜትር የመርከብ ምሰሶ ላይ የወጣ ሰው እስከ 11 ኪሎ ሜትር ያያል። ከሐይቁ ወለል 500 ሜትር ከፍ ብሎ የሚበር ደግሞ እስከ 80 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊያይ ይችላል፤ ይህም የጣናን ርዝመት ሊያክል ጥቂት ብቻ የቀረው ነው። በባሕር ዳርቻ ያሉ ታላላቅ መንግሥታት አይሮፕላንን ለባሕር ጥበቃ ያዋሉት ስለዚህ ነው።

የባሕር ጠባቂ አይሮፕላን ነጂ ሥራ ከተዋጊ አይሮፕላን ነጂ ሥራ እጅግ ይለያል። ተዋጊው ፈጥኖ ይወጣል፤ ፈጥኖ ይመታል፤ ፈጥኖም ይመለሳል። ባሕር ጠባቂው ግን አሥር ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ብቻ ሲመለከት ይውላል። የሚፈልገውም የጠላትን መርከብ፤ ከውሃ በታች የሚሄደውን ሰርጓጅ መርከብ፤ የባሕር ወንበዴን፤ እንዲሁም መርከብ ሰጥሞበት በማዕበል ላይ የቀረውን ሰው ነው። ብዙውን ቀን አንዳች ነገር ሳያገኝ ይመለሳል። ቢሆንም ያ ቀን በከንቱ ያለፈ አይደለም፤ ምክንያቱም ከዚህ ቀጥሎ ይገለጣል።

ሩቅ ማየትና ጥቃቅን ነገርን ለይቶ ማየት አንድ አይደሉም። 80 ኪሎ ሜትር አሻግሮ የሚያይ ሰው በማዕበል መካከል ያለችውን ትንሽ ጀልባ ለይቶ የሚያያት በቅርብ ሲያልፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ባሕር የሚፈለገው እንደ ማሳ እየታረሰ ነው። ገበሬ በሬዎቹን ከዳር እስከ ዳር ነድቶ፤ ዞሮም ከፊተኛው ትልም አጠገብ ሌላ ትልም እያወጣ እርሻውን እንደሚጨርስ፤ ነጂውም ከዳር እስከ ዳር በርሮ፤ ዞሮም በልክ ተራርቆ ይመለሳል።

ለምሳሌ ርዝመቱ 60 ኪሎ ሜትር፤ ወርዱም 60 ኪሎ ሜትር የሆነ ባሕር ይፈለግ ቢባል፤ ስፋቱ 3,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህም ከጣና ጥቂት ይበልጣል። በአይሮፕላኑ ውስጥ ያሉ ተመልካቾች በቀኝ 2፤ በግራም 2 ኪሎ ሜትር ለይተው ማየት ቢችሉ፤ የአንዱ ትልም ስፋት 4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ 15 ትልም ያስፈልጋል፤ መንገዱም 900 ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚበር አይሮፕላን መዞሪያውን ሳንቆጥር በ4 ሰዓት ተኩል ይፈጽመዋል። ነገር ግን መንገድ መሪው ተሳስቶ አንድ ትልም ቢዘል፤ 240 ካሬ ኪሎ ሜትር ውሃ ሳይታይ ይቀራል። ሰው በዚያ ውስጥ ኖሮ እንደ ሆነ፤ «በዚህ ፈልገን አጥተናል» ተብሎ ስለ ተጻፈ ሌላ ፈላጊ ተመልሶ አይመጣለትም። የዚህ ሥራ ትልቁ ኃጢአት አለማግኘት ሳይሆን ያላዩትን አየን ማለት ነው።

በዚህ ሥራ ስመ ጥር ከሆኑት አይሮፕላኖች አንዱ ካታሊና የተባለው ነው። መጀመሪያ የበረረው በአሜሪካ በ1927 ዓ.ም. ነው። ሆዱ እንደ ጀልባ ተደርጎ የተሠራ ስለ ሆነ ከውሃ ላይ ይነሣል፤ በውሃ ላይም ያርፋል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 32 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ሲሆን፤ ሁለት ሞተሮች በላዩ ተተክለዋል። ፍጥነቱ ትንሽ ነው፤ ትዕግሥቱ ግን ታላቅ ነው፤ ከ20 ሰዓት በላይ በአየር ላይ ሊቆይ ይችል ነበር። በውስጡም ከሰባት እስከ አሥር ሰዎች ይሠራሉ። ሁለት ነጂዎች፤ ካርታና ሰዓት ይዞ ስፍራውን የሚቆጥር መንገድ መሪ፤ የራዲዮ ሠራተኛ፤ ሞተሩን የሚጠብቅ መካኒክ፤ በጎንና በጎን በመስተዋት ጉልላት ውስጥ ተቀምጠው ባሕሩን የሚመለከቱ ጠባቂዎች ነበሩበት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፤ በ1933 ዓ.ም. በግንቦት ወር ቢስማርክ የተባለችው የጀርመን ታላቅ የጦር መርከብ ሁድ የተባለችውን የእንግሊዝ መርከብ አሰጠመች። በሁድ ላይ ከነበሩት ከ1,400 በላይ መርከበኞች የዳኑት ሦስት ብቻ ናቸው። ከዚያም ቢስማርክ ከአሳዳጆችዋ ተሰውራ ከአንድ ቀን በላይ ደብዛዋ ጠፋ። በግንቦት 18 ቀን ገና ሳይነጋ አንድ ካታሊና በሰሜን አየርላንድ ካለው ከኧርን ሐይቅ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በረረ። ያ ሐይቅ እንደ ጣና የጨው አልባ ውሃ ነው። ከጧቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነጂዎቹ ዴኒስ ብሪግስና ሊዮናርድ ስሚዝ በደመና ሥር መርከቢቱን አዩአት። እርስዋም ተኮሰችባቸው፤ እነርሱ ግን ያለችበትን ስፍራ በራዲዮ አስታወቁ። በማግሥቱ ቢስማርክ ሰጠመች፤ ከ2,000 በላይ ሰዎችም ከእርስዋ ጋር ጠፉ። ድሉን የፈጸሙት መድፎችና ቶርፔዶዎች ናቸው፤ መንገዱን የከፈተው ግን ለሰባት ሰዓት ያህል ባዶ ውሃ ማየት ያልሰለቸው ዓይን ነው።

ይኸው አይሮፕላን ሰውን ለማዳንም አገልግሏል። በኅዳር 24 ቀን 1937 ዓ.ም. በፊሊፒን ደሴቶች በኦርሞክ ወሽመጥ ኩፐር የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ሰጠመች። ካታሊናዎች በባሕሩ ላይ አርፈው በውሃ ላይ የቀሩትን ሰዎች ሰበሰቡ። አንዱ አይሮፕላን ብቻውን 56 ሰዎች፤ ሌላውም 48 ሰዎች ጭኖ ተነሣ። ለአሥር ሰው የተሠራ አይሮፕላን ይህን ያህል ሸክም ይዞ ከውሃ የተላቀቀው ነጂው በማዕበሉ ላይ እጅግ ረጅም መንገድ ከሮጠ በኋላ ነው።

እነዚህ የውሃ አይሮፕላኖች ከከተማ ርቀው በሚሠሩበት ጊዜ ነዳጅ፤ ምግብ፤ መኝታና መጠገኛ የሚሰጡአቸው ልዩ መርከቦች ነበሩ። ከእነዚህም አንዲቱ ኦርካ ትባል ነበር። ርዝመትዋ 95 ሜትር ያህል ሲሆን፤ በ1936 ዓ.ም. ሥራ ጀምራ በፊሊፒን ባሕር ካታሊናዎችን አገልግላለች። ከጦርነቱ በኋላ ከምድር የሚነሡ ረጅም በራሪ አይሮፕላኖች በውሃ አይሮፕላኖች ስፍራ እየተተኩ ስለ ሄዱ እንደ ኦርካ ያሉ መርከቦች ሥራቸው አነሰ። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1947 ዓ.ም. ገደማ ተመሥርቶ በምጽዋ ሰፍሮ ነበርና፤ በጥር 1954 ዓ.ም. ኦርካ ለኢትዮጵያ ተሰጠች፤ ስምዋም «ኢትዮጵያ» ተባለ። ከባሕር ኃይሉ መርከቦች ሁሉ ትልቋ እርስዋ ነበረች፤ ወጣት መኰንኖችም የመርከብን ሥራና የኮከብን አቈጣጠር በእርስዋ ላይ ተማሩ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሸች፤ በ1985 ዓ.ም. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። እንዲህ ስለ ሆነ ባሕር ጠባቂ አይሮፕላኖችን ያሳደረች መርከብ ወደ 30 ዓመት ገደማ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዛ ቆይታለች።

በቀይ ባሕር ላይ ሌላም ዓይነት ባሕር ጠባቂ ታይቷል። ከ1972 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሶቪየት ኅብረት ባሕር ኃይል ኢል-38 የተባሉ ባለ አራት ሞተር አይሮፕላኖች በአስመራ ያሳርፍ ነበር። በግንቦት 1976 ዓ.ም. የሻዕቢያ ተዋጊዎች የአስመራን አይሮፕላን ማረፊያ በሌሊት በመቱ ጊዜ ከእነዚህ ሁለቱ ተቃጠሉ። ሩቅ የሚያይ አይሮፕላን በምድር ላይ በቆመ ጊዜ ራሱን መጠበቅ እንደማይችል ከዚህ ይታወቃል።

በአሜሪካ ደግሞ ፒ-3 ኦራየን የተባለው ባለ አራት ሞተር አይሮፕላን ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመት አገልግሏል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲፈልጉ ነጂዎቹ ከአራቱ ሞተሮች አንዱን አጥፍተው በሦስቱ ይበሩ ነበር። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ፒ-8 ፖሲዶን በስፍራው እየተተካ ሄደ፤ ይህም ቦይንግ 737 ከሚባለው የመንገደኛ አይሮፕላን የወጣ ነው። ዛሬ ዓይን ብቻውን አይሠራም። ራዳር በጨለማና በደመና ውስጥ መርከብን ያሳያል። ወደ ባሕር የሚጣሉ ትንንሽ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች የሰርጓጅ መርከብን ድምፅ ከውሃ በታች ሰምተው በራዲዮ ይነግራሉ። በፒ-3ና በኢል-38 ጅራት ላይ ረዝሞ የሚታየው ዘንግ ደግሞ የምድርን የማግኔት ኃይል ይለካል፤ ከሥሩ ትልቅ ብረት ሲኖር ልኩ ስለሚለወጥ የተሰወረውን ያስታውቃል።

የዚህ ሥራ ሰው በአንድ ቀን አይገኝም። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ልማድ ወጣቱ አስቀድሞ ከፍተኛ ትምህርቱን ጨርሶ የመኰንንነት ማዕርግ ይቀበላል፤ ከዚያም በትንሽ አይሮፕላን መብረርን፤ ቀጥሎም ብዙ ሞተር ያለውን መንዳት ይማራል። ወደ ጓድ በተመደበ ጊዜ ወዲያው አዛዥ አይሆንም። በረዳት ነጂነት ብዙ ሰዓት በርሮ፤ ነዳጅንና አየርን መቁጠር፤ ሠራተኞቹን ማስተባበር እንደሚችል ካስመሰከረ በኋላ የአይሮፕላን አዛዥ ይባላል። ከዚያም አንዱ አስተማሪ ይሆናል፤ ሌላው በመርከብ ላይ ያገለግላል፤ ጊዜውን የፈጸመውም የመንገደኛ አይሮፕላን ሊነዳ ይችላል። በአንዳንድ አገር ይህ ሥራ የባሕር ኃይል ሳይሆን የአየር ኃይል ድርሻ ነው። በሁሉም ዘንድ ግን ሒሳብና ጂኦግራፊ ያልተማረ ሰው በዚህ ሥራ ስፍራ የለውም።

ባዶ ሆኖ የተመለሰ ፍለጋ ስለሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ምስክር አለ። በየካቲት 29 ቀን 2006 ዓ.ም. 239 ሰዎች የያዘ የማሌዥያ አይሮፕላን ከኩዋላ ላምፑር ተነሥቶ ጠፋ። የብዙ መንግሥታት ባሕር ጠባቂ አይሮፕላኖች የሕንድን ውቅያኖስ ደቡብ ለሳምንታት ፈለጉ፤ የዚያን አይሮፕላን ስባሪ ግን አላገኙም። በኋላ ሞገድ ያመጣው የክንፍ ክፍል በሬዩንዮን ደሴት ተገኘ። የባሕርን አካሄድ የሚያጠኑ የአውስትራሊያ ሊቃውንት አይሮፕላኑ የት እንደ ወደቀ ሲመራመሩ፤ ፈላጊዎቹ «አይተን ምንም አላገኘንበትም» ብለው የመዘገቡትን ስፍራ እንደ ማስረጃ ቆጠሩት። ስባሪ በዚያ አለመታየቱ አይሮፕላኑ ሊወድቅባቸው የሚችሉትን ስፍራዎች አጠበበላቸው። መዝገቡ ሐሰት ቢሆን ኖሮ የሊቃውንቱ ሒሳብ ሁሉ ሐሰት በሆነ ነበር።

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር በር የላትምና፤ የሐሙሲት ሰው ይህ ነገር አይነካኝም ይል ይሆናል። ነገር ግን በክረምት መግቢያ ማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ፤ የገበያ መኪናው የሚነዳበት ነዳጅ በመርከብ መጥቶ በጅቡቲ ወደብ የሚራገፍ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ወንበዴዎች በኤደን ባሕረ ሰላጤ መርከቦችን እየያዙ ባስቸገሩ ጊዜ፤ የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ጀምሮ መርከብና አይሮፕላን ላከ። የጃፓን ባሕር ኃይልም በዚያው ዓመት ፒ-3 አይሮፕላኖችን በጅቡቲ አሰፈረ። እነዚህ ነጂዎች በየቀኑ በባሕሩ ላይ እየተመላለሱ የሚጠራጠሩትን ጀልባ ለመርከቦች ያስታውቁ ነበር። መርከብ በተያዘ ጊዜ መርከበኛው ምርኮኛ ይሆናል፤ የጭነቱም ዋጋ ይወደዳል፤ ውድነቱም በመጨረሻ የሚደርሰው ደብተርና ዘይት ከሚገዛው ሰው ዘንድ ነው።

በ1988 ዓ.ም. የፈረሰው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ከ2010 ዓ.ም. በኋላ እንደ ገና እንዲቋቋም ተወስኗል፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የመረዳዳት ውል ተደርጓል። ዋና መምሪያው በባሕር ዳር እንደሚሆን በ2012 ዓ.ም. በጋዜጣ ተጽፎ ነበር። እንግዲህ በጣና ዳር የሚማር ልጅ ወደ ፊት የባሕር ሥራ ቢመርጥ፤ ይህ ሥራ ለእርሱ ባዕድ አይደለም። ከአሁኑ ሊለምደው የሚገባው ሦስት ነገር ነው፤ በትክክል መቁጠር፤ ሳይሰለቹ መመልከት፤ ያዩትንና ያላዩትን በእውነት መጻፍ።

መምህሩም ለተማሪዎቹ ይህን ሒሳብ ይስጣቸው። ርዝመቱ 80፤ ወርዱ 40 ኪሎ ሜትር በሆነ ባሕር ላይ አንዲት ጀልባ ጠፍታለች። ነጂው የሚበረው በርዝመቱ ነው፤ የአንዱ ትልም ስፋት 5 ኪሎ ሜትር፤ የአይሮፕላኑም ፍጥነት በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ነው። መዞሪያው ሳይቆጠር ፍለጋው በስንት ሰዓት ያልቃል? ሁለት ትልም ሳይበረር ቢቀርስ ስንት ካሬ ኪሎ ሜትር ውሃ ሳይታይ ይቀራል?