እንዶድ ኃይሉን የሚያገኘው ሲወቀጥ ነው

በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር አንድ ምክር አለ። «እንዶድ ተፈጥሮ ነው፤ ጉዳት የለውም» ብሎ ይጀምርና ፍሬውን ወቅጦ፣ በውሃ በጥብጦ መጠጣት የእብድ ውሻ በሽታን ይከላከላል፣ ሆድ ያጠራል፣ ኮሶ ያወርዳል እያለ ይቀጥላል። ከሥሩ ደግሞ «የእንዶድ ዘር አለን» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ሁለቱም መታረም አለባቸው። የመጀመሪያው ሰው ይገድላል። ሁለተኛው ገበሬውን ከብዙ ልፋት በኋላ አንዲት ፍሬ ከማይሰጥ ተክል ፊት ያቆመዋል። የስህተታቸው ምንጭ ግን አንድ ነው፤ እንዶድ ኃይሉን ከየት እንደሚያመጣ አለማወቅ።

የውሻው ጉዳይ ቀድሞ ይለቅ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሰውን የሚያተርፈው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን መጀመር ነው። እንዶድ ጠጥቶ ቀን የሚቆጥር ሰው ክትባቱ ሊያድነው የሚችልበትን ጊዜ በከንቱ ያሳልፋል። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

እንዶድ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፊቶላካ ዶዴካንድራ፣ በአጥርና በዛፍ ላይ የሚንጠላጠል ቁጥቋጦ ነው። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ከቤት ጓሮ እስከ ደን ዳር ይገኛል። ትናንሽ አበቦቹ በረዣዥም ዘለላ ይወጣሉ፤ ፍሬው ጥሬ ሳለ አረንጓዴ፣ ሲበስል ቀይ ነው። ሳሙና በየሱቁ ከመግባቱ በፊት ነጠላና ጋቢ የሚነጣው በእርሱ ነበር። ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ዓለም እንዶድን ያወቀው በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ በተደረገ አንድ ምልከታ ነው። ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት የወንዝ ዳርቻ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በዝተው ተመለከቱ። ከአጣቢዎቹ አንዷን ጠይቀው አረፋውን ሕያው ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ዕቃ አስጨመሩ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። የቢልሃርዝያ ትል ሰውን የሚወጋው እጭ ሆኖ ነው፤ እጩ ደግሞ የሚራባው በውሃ ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በአድዋ ለ5 ዓመታት በተካሄደው ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። አክሊሉ ለማና የዕፅዋት ተመራማሪው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል።

ታሪኩ በየበዓሉ ይነገራል። የማይነገረው በፍሬው ውስጥ የሚሆነው ነው፤ ቁም ነገሩ ግን እዚያ ነው ያለው።

ያልተነካ የእንዶድ ፍሬ ያዘለው ኬሚካል ቀንድ አውጣን የመግደል አቅሙ ደካማ ነው። አረፋ የሚሰጡት ሳፖኒን የተባሉት ውህዶች ሲሆኑ፣ የእያንዳንዳቸው መካከለኛ አካል ውሃን የሚሸሽና ቅባትን የሚወድ ነው፤ ከእነዚህ አካላት ዋናው ኦሊያኖሊክ አሲድ ይባላል። ተክሉ በዚህ አካል ላይ የስኳር ሰንሰለቶችን ይሰካል፤ አንዱን በ3ኛው ካርቦን፣ ሌላውን በ28ኛው። ስኳር ውሃን ይወዳል። በሁለቱም ወገን ስኳር የተሸከመ ሳፖኒን በውሃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል እንጂ ወደ ቅባት አይጠጋም፤ የሕያዋን ሕዋሳት ሽፋን ደግሞ ቅባት ነው። ስለዚህ ያን ያህል አይጎዳም። በዚያው ፍሬ ውስጥ ግን ከሳፖኒኑ ተለይቶ የሚቀመጥ ኢንዛይም አለ።

ፍሬው ሲወቀጥና ውሃ ሲነካው የለያቸው ግድግዳ ይፈርሳል። ኢንዛይሙ ሳፖኒኑን ያገኝና በ28ኛው ካርቦን ላይ ያለውን ስኳር ቆርጦ ይጥለዋል። የቀረው ሞለኪውል አንድ ወገኑ ብቻ ስኳር ያለው፣ ሌላው ወገኑ የተራቆተ ነው። ይህ ራቁት ወገን ወደ ሕዋስ ሽፋን ይገባል፤ እዚያ ካለው ኮሌስትሮል ጋር ይጣበቃል፤ ሽፋኑም ይበሳሳል። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ይህ ነው። ከእነዚህ ባለ አንድ ስኳር ውህዶች አንዱ ለአክሊሉ ለማ መታሰቢያ ሌማቶክሲን ተብሏል።

በየማድ ቤቱ ያለ ምሳሌ አለው። ነጭ ሽንኩርት ሳይነካ ብዙም አይሸትም፤ ሙቀጫ ውስጥ ሲገባ ግን ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ሽታው ተደብቆ ቆይቶ የወጣ አይደለም፤ ተለያይተው የነበሩ ውህድና ኢንዛይም በተገናኙበት ቅጽበት እዚያው የተፈጠረ ነው። ከነልጡ የተቀቀለው ለስለስ የሚለውም ሙቀቱ ኢንዛይሙን ቀድሞ ስለሚያበላሸው ነው። የእንዶድ ፍሬም በዚሁ ሥርዓት ይገዛል።

ቤተ ሙከራ ይህን አረጋግጧል። ፍሬውን በአልኮል የሚጨምቅ ኬሚስት የሚያገኘው በአብዛኛው ባለ ሁለት ስኳሩን፣ ደካማውን ሳፖኒን ነው፤ አልኮሉ ኢንዛይሙን ያስቆመዋልና። በቀዝቃዛ ውሃ የሚጨምቀው ግን ባለ አንዱን፣ ገዳዩን ያገኛል። ስለዚህ «እንዶድ ይህን ያህል በመቶ ሳፖኒን አለው» የሚለው በየጽሑፉ የሚገለበጥ አኃዝ የትኛው ሳፖኒን እንደሆነ እስካልተነገረ ድረስ ለገበሬውም ለጤና ሠራተኛውም ምንም አይነግርም። በወንዝ ዳር ፍሬውን ወቅጠው በቀዝቃዛ ውሃ የሚዘፈዝፉ እናቶች ትክክለኛውን የአሠራር ቅደም ተከተል ከኬሚስቶቹ አስቀድመው ይዘውት ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ጠጪው እንመለስ። የሰው ሕዋስ ሽፋንም ኮሌስትሮል አለው። በሙከራ ቱቦ ውስጥ ባለ አንድ ስኳሩ ሳፖኒን ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈነዳል። በአፍ ሲወሰድ የአንጀትን ግድግዳ ይቆጣል፤ ኃይለኛ ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣል። ሞት ያስከተለበት ጊዜም አለ። ፅንስ ለማስወረድ የሚወስዱት ሴቶች ሕይወታቸውን አደጋ ላይ ይጥላሉ። ከወቀጡና ከበጠበጡ በኋላ ማፍላትም አይረዳም፤ ሙቀት የሚያበላሸው ኢንዛይሙን እንጂ ሥራው ተጠናቆ የተፈጠረውን ሳፖኒን አይደለም። ለቀንድ አውጣ የሚበቃው በአንድ ሊትር ውሃ በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊግራም ነው፤ በጥብጦ የሚጠጣ ሰው ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ዱቄቱ ዓይንን ክፉኛ ስለሚቆጣ የሚወቅጥ ሰው ፊቱን ሸፍኖ፣ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ይሥራ።

ኃይሉ የሚገኝበት መንገድ ከታወቀ የአተካከሉም ነገር ግልጽ ይሆናል። የሚፈለገው ቅጠሉ ወይም ግንዱ ሳይሆን ፍሬው ነው፤ ያውም ሳፖኒኑ የበዛ ፍሬ።

እንዶድ በአመዛኙ ወንዴና ሴቴ ተክሉ የተለያየ ነው። ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ናት። ከዘር የበቀለ ችግኝ ወንዴ ይሁን ሴቴ እስኪያብብ ድረስ አይታወቅም፤ ሴቴ ሆና ብትገኝም የእናቷን ጥራት ለመውረሷ ዋስትና የለም። ዘር የሚሸጠው ነጋዴ ይህን አይናገርም። ሌላም ችግር አለ። በገበያ «የእንዶድ ዘር» እየተባለ የሚሸጠው በአብዛኛው ለልብስ አጠባ ጥሬውን ተለቅሞ የደረቀ ፍሬ ነው። ለእጥበት እንጂ ለብቅለት የተዘጋጀ አይደለም። በዘር ማብቀል ግድ ከሆነ ከቀላ ፍሬ የወጣ፣ ሥጋው ታጥቦ የጠራ፣ ጥቁርና አንጸባራቂ ዘር ነው የሚፈለገው።

የተሻለው መንገድ ከግንድ ቁራጭ ማራባት ነው። ቁራጩ ከእናቱ ጋር አንድ ነው፤ ሴቴ ከሆነች ሴቴ፣ ፍሬዋ ጠንካራ ከሆነ ጠንካራ። ለገሠ ወልደ ዮሐንስና ባልደረቦቻቸው ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ብዙ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው ካወዳደሩ በኋላ ለይተው ያወጡት «ዓይነት 44» የሚባለው ነው። በፍሬው ብዛትም በኃይሉም ተመርጦ እስከ ዚምባብዌና የያኔዋ ስዋዚላንድ ድረስ ተወስዷል። ይህ ሁሉ የምርጫ ሥራ የሚጠበቀው በቁራጭ ሲራባ ነው፤ በዘር ሲሆን በአንድ ትውልድ ይበተናል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ፍሬ ስትሰጥ በዓይን ከታየች እናት ላይ፣ ለጋም ያልሆነ ፈጽሞም ያልጠነከረ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ይመረጣል። ሦስት ወይም አራት አንጓ እንዲኖረው ከታችኛው አንጓ ሥር ይቆረጣል፤ የታች ቅጠሎቹ ይነሣሉ። አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ላይ ጥላ ተሠርቶለት ይተከላል፤ እርጥበት አይለየው፣ ውሃ ግን አይተኛበት። ሥር ይዞ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ቀስ በቀስ ፀሐይ ይለምዳል፤ ክረምት ሲገባም ወደ ቦታው ይዛወራል። እንዶድ ተንጠላጣይ ነውና አጥር ወይም ጠንካራ ድጋፍ ይሻል፤ ወደ ረጅም ዛፍ ከወጣ ለቀማው ያስቸግራል። ወንዴውን ደግሞ ከአካባቢው ጨርሶ ማጥፋት ስህተት ነው፤ የሴቴዋ አበባ ፍሬ ለመቋጠር የእርሱ ብናኝ ያስፈልጋታል።

የለቀማው ሰዓት ቸል የሚባለው ሌላው ነገር ነው። ፍሬው መጠኑን ጨርሶ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ወደ ቀይ ሳይዞር ይለቀማል፤ ሲበስል ኃይሉ ይቀንሳል። ወፎችም ቀይ ሲሆን ይሻሙታል። ከተለቀመ በኋላ ሳይወቀጥ ይደርቃል፤ ኢንዛይሙ እንዳይጎዳ እሳት አይነካውም። የደረቀው ፍሬ በደረቅ ቦታ ይቀመጣል፤ የሚወቀጠውም ለሥራ በተፈለገበት ቀን ነው።

እንዶድን የሚወዱ ሁሉ ሊሰሟቸው የሚገቡ ገደቦችም አሉ። ሳፖኒኑ ቀንድ አውጣን ከዓሣ አይለይም፤ ዓሣ በስንጥቡ ስለሚተነፍስ እርሱም ይሞታል። በተለመደው መጠን የቀንድ አውጣን እንቁላል አይገድልም፤ በዚያ ላይ በውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚፈርስ ከተፈለፈለው ጋር እየተከታተሉ መድገም ግድ ነው። ይኸው ቶሎ መፍረሱ ለወንዙ ጥቅም፣ ለዘመቻው ድካም ነው። የአድዋው ውጤት ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የአንድ ከተማ ውጤት ነው። በታመመው ሰው ገላ ውስጥ ያለውን ትል የሚገድለው ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን የመጣው ከዚያ ሙከራ በኋላ ነው፤ ዛሬ የመከላከሉ ሥራ ዋና መሣሪያም እርሱ ነው። በሌላ በኩል ክኒኑ የዳነው ልጅ ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ ዳግም ከመያዝ አያድነውም፤ ቀንድ አውጣ የሚገድለው የፋብሪካ ኬሚካል ኒክሎሳማይድም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ስለዚህ እንዶድ የክኒኑ ምትክ አይደለም፤ ከክኒኑ ጎን፣ ዓሣ በማይረባበት ውሃ፣ በባለሙያ ቁጥጥር ሊሠራ የሚችል መሣሪያ ነው።

እንዶድ ለማራባት የተነሣ የችግኝ ጣቢያ ወይም የወጣቶች ማኅበር በእያንዳንዱ ችግኝ ላይ አራት ነገር ጽፎ ቢሸጥ ከዘር ነጋዴው ይለያል፤ ቁራጩ የተወሰደባት እናት ዓይነት፣ ሴቴነቷ፣ የተቆረጠበት ቀን፣ በመጨረሻም በጉልህ ፊደል «አይጠጣም» የሚል ማስጠንቀቂያ።