መብራቱ ሲሄድ መኪናውም ሄደ!

«ሃምሳኛውን ዙር ጨርሼ ነበር… መብራቱ ድርግም!» ይላል አንድ የሰፈራችን ወጣት፣ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ። የሰማው ሁሉ ዘመድ የሞተበት ይመስለዋል። ነገሩ ግን የመኪና እሽቅድምድም ጌም ነው!

ከታላቅ ወንድሙ በወረሰው አሮጌ ፕሌይስቴሽን የሚጫወተው፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የወጣውን «ግራን ቱሪስሞ»ን ነው። ይሄ ጌም ቀልድ አያውቅም፤ መንጃ ፈቃድ ካላወጣህ ደህና ውድድር አያስገባህም። «ነድተህ እዚህች ጋ አቁም» ትባላለህ። ትንሽ ካለፍክ ወደቅህ፣ እንደገና! ፈተናውን ካለፍክ በኋላ ግን ይጣፍጣል። ያገለገለ መኪና ገዝተህ፣ እያሸነፍክ ሞተሩንና ጎማውን ታሻሽላለህ። የታክሲ ሳንቲም የሚቆጥር ልጅ የስፖርት መኪና ጌታ ይሆናል።

ልጁን ያቃጠለው የ300 ኪሎ ሜትሩ ውድድር ነው፦ 60 ዙር! ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ እንደመንዳት በሉት። መሃል ላይ ሴቭ ማድረግ የሚባል ነገር የለም። ለዚህ ብሎ ፍቅረኛውን «አሞኛል» ብሎ ቀጠሮ አስቀርቷታል (ጉድ እኮ ነው!)። መብራት ሲሄድ ግን አንጀቱ አልቻለም፤ ደውሎ አፈረጠው።

አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን «በል አስተምረኝ» ብላ መጣች። አሁን ስክሪኑን ለሁለት ከፍለው ይሽቀዳደማሉ። እሷ ኩርባው ሳይደርስ ፍሬን ትይዛለች፤ እሱ በፍጥነቱ ገብቶ ግድግዳ ይስማል። ባለፈው ቅዳሜ ሲሸነፍ ጆይስቲኩን ወርውሮ ወጣ።

«ምን ላድርገው?» ብላ ጠየቀችን። አንዴ እንኳ ልቀቂለት አልናት።

«አልለቅም!»