ጆይስቲክ ላይ ስክሪን መኖሩ ይጠቅማልን?

በናይሮቢ ከተማ ሰሜናዊ ክፍል የምትገኘው ጊጊሪ በብዙዎቻችን ዘንድ የምትታወቀው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግቢ ነው። የድርጅቱ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤትም ከዚሁ ግቢ ይገኛል። እኛ ግን ጊጊሪን እዚህ ላይ ያነሣናት ስለ ታላላቅ ስብሰባዎቿ ልናወሳ አይደለም። በዚያ በሚኖሩ አንድ ዘመዳችን ቤት በእንግድነት ባረፍንበት ጊዜ ያየነው የልጆች ጨዋታ አንድ ጥያቄ ስላሳደረብን ነው።

ልጆቹ ሁለት ናቸው፤ ታላቂቱ የ14 ዓመት ተማሪ፣ ታናሹ ገና 10 ዓመት ያልሞላው። ከሠፈሩ የመጡ ሁለት ጓደኞቻቸው ተጨምረው አራቱም ከቴሌቪዥኑ ፊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሦስቱ የተለመደውን ጆይስቲክ ሲይዙ ልጅቱ የያዘችው ግን ከመካከሉ የራሱ ስክሪን ያለበትን ነበር። ጨዋታው የአገራችን ድብብቆሽ ዓይነት ነው። የተደባቂዋ ቦታ በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ አይታይም፤ በእጇ ባለው ስክሪን ላይ ብቻ ይታያል። ታናሽ ወንድሟን ግን አላስቻለውም። ተነሥቶ በትከሻዋ በኩል አንገቱን አሰገገና «እኔም ልይ!» አላት። «ካየህማ ምኑን ጨዋታ ሆነ!» ብላ ስክሪኑን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። አባታቸው ገብተው ባያበርዷቸው ኖሮ ምሽቱ በለቅሶ ባለቀ ነበር።

የልጅቱ አነጋገር ከአእምሯችን አልወጣም። የእጁ ስክሪን የጠቀመው ሌሎቹ ስለማያዩት ነው። እንግዲያውስ መደባበቅ በሌለበት ጨዋታ ላይ ያው ስክሪን ምን ይፈይዳል? ወላጅ ተጨማሪ ገንዘብ ሊከፍልበት ይገባልን? ተማሪዎቻችን ስለነዚህ መሣሪያዎች ከኛ የበለጠ ቢያውቁም ጥያቄው ለክፍል ውይይት የሚበቃ ይመስለናል።

የቴሌቪዥን ጨዋታ መሣሪያ በመሠረቱ ለጨዋታ የተሰናዳ ኮምፒዩተር ነው። ተጫዋቹ በጆይስቲኩ ያዛል፤ ኮምፒዩተሩ ያሰላል፤ ውጤቱንም በሴኮንድ 30 ወይም 60 ጊዜ እየሣለ ወደ ቴሌቪዥኑ ይልካል። ጆይስቲኩ ላይ ስክሪን ሲጨመር ኮምፒዩተሩ ሁለተኛ ሥዕል ለመሣል ይገደዳል። ይህም ሥዕል ይጨመቃል፣ በሬዲዮ ሞገድ ይላካል፣ በጆይስቲኩ ውስጥ ያለ ሌላ ቺፕ ተቀብሎ ይፈታዋል። በሴኮንድ 60 ሥዕል በሚሣልበት ጨዋታ ለአንዱ ሥዕል የሚደርሰው ጊዜ የሴኮንድ 1/60ኛ ብቻ ስለሆነ መላኩም መፍታቱም እጅግ ፈጣን መሆን አለበት። ከዘገየ ተጫዋቹ አዝራሩን በተጫነበትና ውጤቱን ባየበት መካከል ክፍተት ይሰማዋል። ከዚህም የተነሣ ስክሪን ያለው ጆይስቲክ ተራ ጆይስቲክ ከመሆን አልፎ ባትሪ፣ መቀበያና መፍቻ ያለው ራሱን የቻለ መሣሪያ ይሆናል። ዋጋው የሚንረውም በዚሁ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1998 ድሪምካስት የሚባለውን መሣሪያ ሲያወጣ በጆይስቲኩ ላይ የሚሰካ፣ 48 በ32 ነጥብ ስክሪን ያለው የማስታወሻ ካርድ አብሮ አቀረበ። ስክሪኑ ከቴምብር እምብዛም የማይበልጥ፣ ቀለም የሌለው ነበር። አብዛኞቹ ጨዋታዎች የጌጥ ሥዕል ከማሳየት በስተቀር አልተጠቀሙበትም። በአሜሪካኖች ፉትቦል ጨዋታ ላይ ግን ተጫዋቹ ቡድኑ የሚከተለውን ዘዴ ከአጠገቡ የተቀመጠው ባላጋራው ሳያይበት ይመርጥበት ነበር። በ2003 ደግሞ ኒንቴንዶ ጌምቦይ አድቫንስ የተባለውን የኪስ መጫወቻ በሽቦ ከትልቁ መሣሪያ ከጌምኪዩብ ጋር አገናኝቶ ለአራት ሰዎች የሚሆን የፓክማን ጨዋታ ሠራ። ፓክማን የሚሆነው ልጅ በእጁ ባለው ስክሪን መንገዱን ሁሉ ያያል፤ አሳዳጆቹ ሦስት መናፍስት ግን በቴሌቪዥኑ ላይ የሚያዩት በአጠገባቸው ያለውን ብቻ ነው። አንዱ ሁሉን እያወቀ ይሸሻል፣ ሦስቱ ባለማወቅ ያሳድዳሉ። እጅግ ያማረ ሐሳብ ነው እንላለን።

ትልቁ ሙከራ የተደረገው በኅዳር ወር 2012 ነበር። ኒንቴንዶ ዊ ዩ የተባለውን መሣሪያ ለገበያ ሲያቀርብ ከሳጥኑ ጋር ባለ 6.2 ኢንች ስክሪን ጆይስቲክ አብሮ ሸጠ። የአሜሪካ ዋጋው 300 ዶላር ሲሆን ተጨማሪ ዕቃ ያለው 350 ነበር፤ በዚህም ዋጋ ቢሆን ኩባንያው የሚሸጠው በኪሳራ እንደሆነ ኃላፊው በወቅቱ ተናግረዋል። የጆይስቲኩ ባትሪ የሚያገለግለው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ነው። አራት ወይም አምስት ልጆች ቢጫወቱም ስክሪኑን የሚይዘው አንዱ ብቻ ነበር። ጊጊሪ ላይ ያየነው ጠብ እንግዲህ በዚያ ቤት ብቻ የተወሰነ አልነበረም ማለት ነው።

እዚህ ላይ መምህራን ከማንም በተሻለ የሚያውቁትን ነገር እናስታውስ። ተማሪው ከጥቁር ሰሌዳው ወደ ደብተሩ ሲገለብጥ ዓይኑ ከሩቅ ወደ ቅርብ፣ ከቅርብ ወደ ሩቅ ይመላለሳል። በእያንዳንዱ ምልልስ የዓይን ውስጥ ጡንቻ ሌንሱን ያወፍረዋል ወይም ያቀጥነዋል። ይህ በወጣት ዓይን ፈጣን ቢሆንም ምንም ጊዜ አይወስድም ማለት አይደለም። የሐሳብ ምልልሱ ደግሞ ይብሳል፤ ተማሪው ከሰሌዳው ላይ ያነበበውን በአእምሮው ይዞ ደብተሩ ላይ የጻፈበትን መስመር መፈለግ አለበት። አውስትራሊያውያኑ ፖል ቻንድለርና ጆን ስዌለር በ1992 ባወጡት ጥናት፣ ተያይዘው መታየት ያለባቸው ሥዕልና ጽሑፍ ተለያይተው ሲቀመጡ የተማሪው አእምሮ እነርሱን በማገጣጠም ስለሚጠመድ ትምህርቱ እንደሚከብደው አመልክተዋል። የጂኦሜትሪ መምህር የማዕዘኑን ልክ ከሥሩ በዝርዝር ከሚጽፈው ይልቅ እማዕዘኑ ውስጥ ቢጽፈው ተማሪው ቶሎ የሚገባው ለዚህ ነው።

ጆይስቲክም ላይ እንዲሁ ነው። መኪና የሚነዳ ተጫዋች ቁልቁል ወደ እጁ ሲመለከት ከመንገድ ይወጣል። ስለዚህ በሩጫ ጨዋታ ላይ የእጁ ስክሪን ካርታ ቢያሳየውም የሚያየው የለም። ጨዋታው በተራ ሲሆን፣ ማለትም ተጫዋቹ ቆም ብሎ ለማሰብ ጊዜ ሲኖረው፣ ካርታውን ወይም የዕቃዎቹን ዝርዝር በእጁ መያዙ ይረዳዋል። በሌላ አነጋገር ሁለተኛው ስክሪን የሚስማማው ለሚደበቅ ነገርና ለማያስቸኩል ነገር ነው። ከነዚህ ውጭ ትርፉ ዓይን ማንከራተት ይመስለናል።

ገበያው ምን ፈረደ? ከዊ ዩ በፊት የነበረው ዊ የተባለው መሣሪያ ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ ሳለ ዊ ዩ የተሸጠው 13.56 ሚሊዮን ብቻ ነው። ምርቱም በ2017 ቆመ። ጥፋቱን ሁሉ በስክሪኑ ላይ መጫን ግን አይገባም። ስሙ ከቀድሞው ጋር ስለተመሳሰለ ብዙ ሰው የአሮጌው መሣሪያ ተጨማሪ ዕቃ መስሎት ነበር፤ ጨዋታዎቹም ጥቂት ነበሩ። ይሁን እንጂ አንድ ማስረጃ ትኩረታችንን ስቧል። ማሪዮ ካርት 8 የተባለው የመኪና እሽቅድምድም በዊ ዩ ላይ 8 ሚሊዮን ተኩል ያህል ተሽጦ ነበር። ያው ጨዋታ ጥቂት ተጨምሮበት በ2017 ስዊች ለተባለው አዲስ መሣሪያ ሲወጣ ከ60 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በስዊች ላይ በአንድ ጊዜ የሚበራው ስክሪን አንድ ብቻ ነው። የስዊች ባለቤቶች ቁጥር እጅግ የበዛ መሆኑ እርግጥ ቢሆንም፣ ሁለተኛው ስክሪን ጎደለን ብለው ጨዋታውን አልተዉትም።

ስዊች ራሱ ለጥያቄያችን ግማሽ መልስ ይሰጣል። በዚህ መሣሪያ ላይ ስክሪኑና ኮምፒዩተሩ አንድ ላይ ናቸው። ቴሌቪዥን ሲኖር መቀመጫው ላይ ይሰካና የራሱ ስክሪን ይጠፋል፤ ቴሌቪዥኑን ሌላ ሰው ሲፈልገው ልጁ መሣሪያውን ነቅሎ ወደ ጓዳ ይገባል። ከዊ ዩ ሰዎች የወደዱት ይህንኑ ነበር፤ አባት ዜና ሲያይ ልጅ ከአጠገቡ ሆኖ በእጁ ስክሪን መጫወቱን። ሶኒም በ2023 ያወጣው ፕሌይስቴሽን ፖርታል ባለ 8 ኢንች ስክሪን ጆይስቲክ ሲሆን የቴሌቪዥኑን ምትክ ለመሆን እንጂ ለቴሌቪዥኑ ረዳት ለመሆን አልተሠራም። ለዚሁም ጥሩ ዋይፋይ ይፈልጋል። አገራችን ላይ መብራት ሲጠፋ በስዊች የሚጫወተው ልጅ ባትሪው እስኪያልቅ ይቀጥላል። ሥዕሉ የሚመጣለት ከቤቱ ሳጥን የሆነው ግን ስክሪኑ በእጁ እያለ ይጨልምበታል።

የኤሌክትሪኩ ሂሳብም መነሣት አለበት፤ በዚህ ረገድ የእጁ ስክሪን አንድ ድል አለው። ፕሌይስቴሽን 5 ከባድ ጨዋታ ሲያጫውት 200 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ ቴሌቪዥኑ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። ስዊች በእጅ ሲያዝ ግን ከ10 ዋት በታች ይበቃዋል። የጨዋታዎቹ ደረጃ እኩል ባይሆንም ልዩነቱ የሚናቅ አይደለም።

ወደ ጊጊሪ የሚመልሰን ይኸው ነገር ነው። በ1972 ከስቶክሆልም ጉባኤ በኋላ የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም የጨዋታ ኩባንያዎችን በ2019 አሰባስቦ «ፕሌይንግ ፎር ዘ ፕላኔት» የተባለ ኅብረት እንዲመሠርቱ አድርጓል። ሶኒና ማይክሮሶፍት ከመጀመሪያዎቹ አባላት መካከል ነበሩ። ሶኒ በዚያው ጊዜ በገባው ቃል መሠረት ፕሌይስቴሽን 5 ጨዋታ አቋርጦ በተጠንቀቅ ሲቆይ 0.5 ዋት ገደማ ብቻ እንዲወስድ ማድረግ ይቻላል። ከመብራቱ የባሰው ችግር ግን ቁርጥራጩ ነው። በ2022 በዓለም ላይ የተጣለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ 62 ሚሊዮን ቶን ሲሆን በወጉ ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 ከመቶው ብቻ ነው። ስክሪን፣ ባትሪና ቺፕ የተጨመረበት ጆይስቲክ አንድ ቀን ወደዚህ ክምር መሄዱ አይቀርም። ከዚህም ሌላ ጆይስቲኩ ሲሞት ጤነኛውን ሳጥን ይዞት ሊሞት ይችላል። የዊ ዩ አንዳንድ ማስተካከያዎች ያለ ባለ ስክሪኑ ጆይስቲክ አይከፈቱም፤ ጆይስቲኩ ደግሞ ከጃፓን ውጭ ለብቻው በሱቅ አልተሸጠም። በ2024 ኩባንያው መለዋወጫ ስላለቀ በጃፓንም ጥገናውን ማቆሙን አስታውቋል።

አሁን ደግሞ የአዲስ አበባን የፕሌይስቴሽን ቤቶች እናስብ። በአንዲት ጠባብ ክፍል ሁለት ልጆች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ኳስ ይጫወታሉ፤ ከኋላቸው ስድስትና ሰባት ልጆች ተራ እየጠበቁ ይመለከታሉ፣ ይፈርዳሉ፣ ይሳለቃሉ። የተሸነፈው ይነሣል፣ ያሸነፈው ይቀጥላል። የሚከፈለው በጨዋታ ስለሆነ ሣንቲም ያጣው ልጅ እንኳ በማየት ይሳተፋል። (መምህራን እነዚህን ቤቶች በጥርጣሬ የምናያቸው በከንቱ አይደለም፤ ከክፍል የጠፋ ተማሪ አንዳንዴ የሚገኘው እዚያ ነው። ለዛሬ ግን እንለፈው።) ጆይስቲኮቹ በቀን ብዙ እጅ ስለሚነካቸው ቶሎ ይላላሉ፤ ሠፈር ውስጥ ያለ ጠጋኝ ከፍቶ ከአሮጌው ነቅሎ ይተካላቸዋል። እዚህ ቤት ስክሪን ያለው ጆይስቲክ ቢገባ ምን ይሆናል? ተመልካቹ የሚያየው ነገር ግማሹ ይቀርበታል፤ ባለቤቱ መስታወቱ ሲሰነጠቅ የሚተካው አያገኝም። እኛ የቤቱ ባለቤት ብንሆን አንገዛውም። ለአንድ ልጅ፣ ቴሌቪዥኑን ቤተሰቡ ለሚሻማበት ቤት የሚገዛ ወላጅ ግን ስክሪኑ ራሱን ችሎ የሚሠራውን መርጦ ቢወስድ አንቃወምም።

በጊጊሪው ቤት የዚያ ምሽት ድብብቆሽ ብዙ አልቆየም። የባለ ስክሪኑ ጆይስቲክ ባትሪ አለቀና ልጅቱ ከግድግዳው ሰክታ መጣች። ታናሽየው ሌላ ጨዋታ እስኪከፈት አልጠበቀም፤ እህቱን ዓይኗን አስጨፍኖ ከመጋረጃው ኋላ ገባ። እርሷም እጇን ዓይኗ ላይ አድርጋ «ኩኩሉ!» አለች።