የስኳር ሕመም፣ የሴል ዝገትና የቆላው ደም

በ2017 ዓ.ም ማብቂያ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩን ሲያድስ ሴማግሉታይድንና መሰሎቹን አስገባ፤ ዓይነት ሁለት ስኳር ከልብ ወይም ከኩላሊት ሕመምና ከውፍረት ጋር ለተደራረበባቸው ሰዎች። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ካማሺ ላይ ሆኖ ዜናውን የሰማ ታማሚ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሜትፎርሚን መጥቷል ወይ?» ብሎ ነው። ከአሶሳ የሚነሳ መኪና በወለጋ በኩል ዞሮ ነው እዚያ የሚደርሰው፤ መንገድ ሲዘጋ ክኒኑም ይዘጋል። በ2011 ዓ.ም መስከረም የተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ሺህ ሰው ሲያፈናቅል በየቀኑ መድኃኒት የሚውጡትም አብረው ተሰደዋል።

አዲሶቹ መድኃኒቶች ሲወደሱ አንድ የቆየ ሐሳብ አብሮ ይነሳል፤ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ፣ በእኛ አነጋገር የሴል ዝገት። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1985 ያስፋፋው ጀርመናዊው ሄልሙት ዚስ ነው። ከስኳር ሕመም ጋር አጥብቆ ያሰረው ደግሞ አሜሪካዊው ማይክል ብራውንሊ ነበር። እሱ እንደሚለው ግሉኮስ ሲትረፈረፍ ሚቶኮንድሪያ ከመጠን በላይ ሱፐርኦክሳይድ ያመርታል፤ ዓይንን፣ ኩላሊትንና ነርቭን የሚጎዱት አራት መንገዶችም የሚነሱት ከዚሁ ምንጭ ነው። መንገዶቹን መዘርዘሩን ለባዮኬሚስቶች ልተወው። ሐሳቡ ያምራል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ ዝገት ከሆነ ማስለቀቂያ ይኖረዋላ!

ማስለቀቂያው ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱ የወጣው «ሆፕ» ጥናት ከ9,500 በላይ ሰዎችን ይዞ ነበር፤ ከ3,600 የማያንሱት የስኳር ታማሚዎች ናቸው። በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ የወሰዱት ካልወሰዱት በምንም አልተሻሉም። ከሁለት ዓመት በኋላ እንግሊዞች ከ20,000 በላይ ሰዎች ላይ ቫይታሚን ሲን፣ ኢንና ቤታ ካሮቲንን አንድ ላይ ሞከሩ፤ ያው ባዶ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ የ2009ኙ የጀርመን ጥናት ነው። ስፖርት የሚሠሩ ወጣት ወንዶች ቫይታሚን ሲና ኢ ሲሰጣቸው፣ እንቅስቃሴው ለኢንሱሊን ምላሽ ያመጣው የነበረው ጥቅም ጠፋ። ለካስ ያ ጥቂት «ዝገት» ጡንቻውን የሚያነቃው መልእክተኛ ኖሯል። የሴልን የራሱን መከላከያ የሚቀሰቅሰው ባርዶክሶሎንም ዕጣው አላማረም፤ በ2012 የልብ ድካም ስላበዛ ትልቁ ሙከራ በአጭሩ ተቀጨ። ስለዚህ ሽፈራውም ሆነ ጥቁር አዝሙድ «አንቲኦክሲዳንት ነው» ተብሎ ሲሸጥልኝ ዋጋውን እንኳ አልጠይቅም።

የሠሩት ዝገቱን ከምንጩ የቀነሱት ናቸው። ሜትፎርሚን የሚቶኮንድሪያን የመጀመሪያ ጣቢያ በመጠኑ ገታ ያደርጋል፤ ጉበትም ስኳር ማምረቱን ይቀንሳል። ከ1957 ጀምሮ በፈረንሳይ ሐኪሞች እጅ ያለ፣ ርካሽና ብዙ ችግር የሌለው መድኃኒት ነው። ሌላው የስኳር መድኃኒት ኢምፓግሊፍሎዚን በ2015 ይፋ በሆነው ጥናት በልብ ሕመም መሞትን በ38 በመቶ ቀንሷል፤ ምን ያህሉ ከዝገት ጋር እንደሚያያዝ ግን ተመራማሪዎቹ አሁንም ይከራከራሉ። ስለ ኢንሱሊን ለቆላ ሰው አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በ2021 ባወጡት ጥናት ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት አራት ሳምንት ቆይቶ አቅሙን አላጣም።

ካማሺን በቀጥታ የሚመለከተው ጉዳይ ግን ከክኒን ይልቅ ከደም ጋር የተያያዘ ነው። ቀይ የደም ሴል ሚቶኮንድሪያ የለውም፤ ከዝገት የሚጠብቀው ጂ-ሲክስ-ፒዲ የተባለ ኢንዛይም ነው። የዚህ ኢንዛይም እጥረት ከወባ በመጠኑ ስለሚከላከል ወባ በከረመባቸው ቆላዎች ይበዛል፤ በጋምቤላ በአኝዋና በኑዌር ዘንድ ከደገኛው እጅግ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ለወባ ፕሪማኩዊን የሚያዝ የጤና ባለሙያ ነገሩን ያውቀዋል፤ ስኳር የሚያክመው ግን እምብዛም አያነሳውም። የግሊቤንክላሚድ መግለጫ ወረቀት ግን እጥረቱ ላለበት ሰው ጥንቃቄ ያዝዛል፤ ደሙ ሊፈርስ ይችላልና።

ከዚያም የሚብሰው የምርመራው ነገር ነው። የሦስት ወር አማካይ የሚባለው ኤዋንሲ የሚለካው በቀይ ሴል ላይ የተለጠፈውን ስኳር ነው። በኢንዛይሙ እጥረት የተነሳ ሴሉ ዕድሜው ካጠረ ስኳሩ የሚለጠፍበት ጊዜ አይኖረውም፤ ቁጥሩም ዝቅ ይላል፣ ታማሚው ጤነኛ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 160,000 የሚጠጉ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት፣ እጥረቱን በሚያመጣው ዘረመል ምክንያት ምርመራው ብቻውን ከሆነ ወደ 650,000 የሚጠጉ ጥቁር አሜሪካውያን ስኳራቸው ሳይታወቅ ሊቀር እንደሚችል ገምቷል። በዋና ከተማ «ዘመናዊው» የሚባለው ምርመራ በቆላው ሊዋሽ ይችላል ማለት ነው። በባዶ ሆድ ጣት ተወግቶ የሚለካበት ትንሿ መሣሪያ ግን የሴሉ ዕድሜ አያሳስባትም፤ 126 እና ከዚያ በላይ ካሳየች በሌላ ቀን ደግሞ መለካት ነው።