ያለ ኔትወርክና ያለ ክፍያ መረጃ የሚያሸጋግረው ብሉቱዝ፡ አሠራሩ፣ ጥቅሙና የሚሻው ጥንቃቄ

ይርጋጨፌ፦ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጌዴኦ ዞን ይርጋጨፌ ወረዳ የቡና መከር ሲደርስ የግብርና ባለሙያው ሥራ ከጽሕፈት ቤት ይልቅ በገጠር ቀበሌና በቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይበዛል። በስልክ ወይም በታብሌት የተያዘው የአርሶ አደር ምዝገባ፣ ቅጽና ፎቶግራፍ በወቅቱ ለወረዳው ካልደረሰ ሪፖርቱ ይዘገያል። የሞባይል ኔትወርክ በደከመበት ሥፍራ ወይም የዳታ ሂሳብ ባለቀበት ሰዓት ደግሞ መረጃውን በኢንተርኔት መላክ አይቻልም።

ብዙዎች ሙዚቃና ፎቶግራፍ በመቀባበል የሚያውቁት ብሉቱዝ ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር አንድ መፍትሔ ይሆናል። ቴክኖሎጂው ሁለት መሣሪያዎችን ያለ ገመድ በቅርብ ርቀት የሚያገናኝ ሲሆን፣ ሲም ካርድም ሆነ የቴሌኮም አገልግሎት ሳያስፈልገው ፋይል ያሸጋግራል። በመሆኑም ለአገልግሎቱ የሚከፈል ታሪፍ የለም።

የቴክኖሎጂው ጅማሮ እ.ኤ.አ በ1994 በስዊድኗ ሉንድ ከተማ የኤሪክሰን ኩባንያ መሐንዲሶች የጀመሩት ሥራ ነው። ዓላማቸው ተንቀሳቃሽ ስልክን ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር የሚያገናኘውን ገመድ በአነስተኛ ዋጋና በጥቂት ኃይል በሚሠራ ሬዲዮ መተካት ነበር። እ.ኤ.አ በ1998 ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ ኢንቴል፣ አይቢኤምና ቶሺባ በጋራ የመሠረቱት ማኅበር ደረጃውን ለአባል አምራቾች ያለ ፈጠራ ክፍያ እንዲጠቀሙበት ክፍት አድርጓል። ይህም ቴክኖሎጂው ርካሽ በሆኑ ስልኮች ጭምር እንዲገባ ረድቷል። ስያሜው የተወሰደው በ10ኛው ክፍለ ዘመን የዴንማርክን ሕዝቦች አንድ አድርጓል ከሚባለው ንጉሥ ሃራልድ ብሉቱዝ ነው።

ብሉቱዝ የሚሠራው በአብዛኞቹ አገሮች የተለየ ፈቃድ በማይጠየቅበት በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ይህን ሞገድ ዋይፋይና ሌሎች መሣሪያዎችም ስለሚጋሩት ድምፅና ፋይል የሚያስተላልፈው መደበኛው ብሉቱዝ በ79 መስመሮች ላይ በሰከንድ እስከ 1 ሺህ 600 ጊዜ ቦታ እየቀያየረ ይሠራል። በአንዱ መስመር ላይ መጨናነቅ ቢያጋጥመው በሌላው ይቀጥላል። አንድ መሣሪያ በአንድ ጊዜ እስከ ሰባት ከሚደርሱ ሌሎች መሣሪያዎች ጋር መገናኘት ይችላል።

የተለመደው የስልክ ብሉቱዝ ርቀት 10 ሜትር ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ውኃ የዚህን ሞገድ ኃይል ስለሚውጥ የሰው አካልና እርጥብ ቅጠል ግንኙነቱን ያዳክሙታል። እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፎች በአንድነት በሚለሙበት የጌዴኦ ጥምር ግብርና ማሳ ውስጥ፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ፣ ይህ ርቀት ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ፋይል የሚለዋወጡ ባለሙያዎች ስልኮቻቸውን ጎን ለጎን አድርገው መላኩ እስኪጠናቀቅ ቢጠብቁ የተሻለ ነው።

ሌላው ውስንነት ፍጥነቱ ነው። በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ ያለው መደበኛ ብሉቱዝ ቢበዛ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ገደማ መረጃ ያሸጋግራል። በዚህ ስሌት 1 ሜጋ ባይት የሆነ ቅጽ በ4 ሰከንድ፣ 10 ሜጋ ባይት የሆነ የፎቶግራፍ ስብስብ በ40 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። 1 ጊጋ ባይት የሆነ ቪዲዮ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ለትልልቅ ፋይሎች ሁለት ስልኮች የራሳቸውን ዋይፋይ ፈጥረው የሚገናኙባቸው እንደ ዜንደር ያሉ ፕሮግራሞች የተሻለ ፍጥነት አላቸው። እነዚህም የኢንተርኔት ዳታ ሳይቆርጡ ፋይል ያሸጋግራሉ።

የብሉቱዝ ጥቅም እንዳለ ሆኖ፣ ያለ ጥንቃቄ ሲሠራበት ጉዳት ያስከትላል። እ.ኤ.አ በ2004 የታየው ካቢር የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ከስልክ ወደ ስልክ የተዛመተው በብሉቱዝ ነበር። እ.ኤ.አ በ2017 ደግሞ ብሉቦርን የሚል ስያሜ የተሰጣቸው ክፍተቶች ይፋ ሆኑ። በክፍተቶቹ አማካይነት አጥቂ ከባለቤቱ ምንም ፈቃድ ሳያገኝ ብሉቱዙ የበራን መሣሪያ ሊደርስበት እንደሚችል ታውቋል። አምራቾች ማስተካከያ ቢያወጡም ፕሮግራማቸው ያልታደሰ አሮጌ ስልኮች ለአደጋው እንደተጋለጡ ይቆያሉ።

የአርሶ አደር ስም፣ የስልክ ቁጥርና የማሳ መገኛ የግል መረጃዎች ናቸው። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃውን የሚይዘው አካል የጥበቃ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። በብሉቱዝ የተላከ ፋይል በተቀባዩ ስልክ ውስጥ የሚቀር በመሆኑ፣ የመሥሪያ ቤት መረጃ በሠራተኛው የግል ስልክ ሲያልፍ ማን እንደያዘውና መቼ እንደጠፋ የሚታወቅበት አሠራር ሊኖር ይገባል።

ለዚህም ቀላልና ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች አሉ። ብሉቱዝን ለሥራ ብቻ ማብራትና ሥራው ሲያበቃ ማጥፋት፣ ካልታወቀ መሣሪያ የሚመጣ ጥያቄን አለመቀበል፣ ሁለቱ ስልኮች ሲጣመሩ በሁለቱም ላይ የሚታየው ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ፣ የስልኩን ፕሮግራም በወቅቱ ማደስ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። የመንግሥት ታብሌት ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው ሲተላለፍም የቀድሞ ጥምረቶችን መሰረዝና በውስጡ የቀሩ ፋይሎችን ከርክክብ በፊት ማጽዳት ተገቢ ነው።

ብሉቱዝ የመገናኛ መሠረተ ልማትን አይተካም። በ1990ዎቹ መዘርጋት የጀመረው ወረዳ ኔት ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ለማገናኘት የታለመ ሲሆን፣ ብሉቱዝ ደግሞ ከዚያ በታች ያለውን የመጨረሻ ጥቂት ሜትር ይሸፍናል። በቀበሌ የተሰበሰበው መረጃ ወደ አስተባባሪው ስልክ ይተላለፋል፤ አስተባባሪውም ኔትወርክ ወዳለበት ከተማ ሲደርስ ለወረዳው ይልከዋል። አሠራሩ በመመሪያ ከተደገፈና ሠራተኞች ስለ አጠቃቀሙ አጭር ሥልጠና ካገኙ፣ በጀት ሳይጨመር የሪፖርት መዘግየትን ለመቀነስና የአርሶ አደሩን መረጃ ከብክነት ለመጠበቅ ያግዛል።